የጎረቤት ቅናሽ

እንድሪስዬ፣

አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ያብራልህ። ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነው። አምና ልጽፍልህ ብዬ ብዕር አንስቼ ነበር፤ የምጽፈው ሁሉ ለቅሶ ሆነብኝና ተውሁት። አሁን የምጽፍልህ ለቅሶዬ ስላለቀ እንዳይመስልህ። የማማክረው ሰው አጥቼ ነው። በሱቁ ሰበብ ክፉ ነገር ገጥሞኛል፤ እኔ ደግሞ ስለ ቁልፍ ካንተ ሌላ ማንን ጠይቄ አውቃለሁ?

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሐያት ደሴ ገብታ ትማራለች። ስልክ ስትደውል ልክ እንዳንተ ከመናገሯ በፊት ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፤ ያን ስሰማ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ትንሽ እቆያለሁ። የጓሮው ዘይቱን ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል። ወንድምህ ጀማል ጣሪያው የሚያፈስበትን ጥግ አስደፍኖልኛል፤ አላህ ይስጠው፣ ከዘመድ ሁሉ እሱ አልራቀንም። ሱቁንም አልዘጋሁትም። ማሽኑን ሽጪና ጨርቅ ነግጂ ያላለኝ ሰው የለም። እኔ ግን ስንት ዓመት ካጠገብህ ተቀምጬ ያየሁትን እጄ አይረሳውም ብዬ ያዝሁት። ቁልፍ መቅረጹ ተሳክቶልኛል። የቡታጋዝ ምድጃም እጠግናለሁ። ጃንጥላ ግን እስካሁን ያስለቅሰኛል፤ ያንን በምን ትዕግሥት ትሠራው እንደነበር ሳስበው ይደንቀኛል።

ደንብህንም አልለወጥሁም። በየሱቁ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ በቀይ ይለጠፋል፤ አንተ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት ግድግዳህን አስነክተህ አታውቅም። ከአምባሰል ለገበያ የወረደ ገበሬ ቁልፍ አስቀርጾ ሲሄድ፣ ቤትህ ሞክረው፣ እምቢ ካለህ በሚቀጥለው ገበያ አምጣና ገንዘብህን ውሰድ ትለው ነበር። ሲመልስልህም ለምን እንዴት አትልም። ምናልባት በሩን እሱ ራሱ አበላሽቶት ይሆናል ስልህ፣ ያልከፈተ ቁልፍ ብረት ነው፣ እኔ ደግሞ ብረት በቁልፍ ዋጋ አልሸጥም ትለኝ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ያኔ ያናድደኝ ነበር። ጓጉንቸር የገዛ ሰው እንኳ ሐሳቡን ቢለውጥ፣ ከነቁልፎቹ ካመጣልህ ትቀበለዋለህ። ብቻ ሳትሞክረው አትቀበልም፤ እፊቱ ከፍተህ፣ እፊቱ ዘግተህ ነው።

ሌላው የጎረቤት ቅናሽህ ነበር። ሰው ብቻውን መጥቶ «ኧረ አስተያየት አድርግልኝ» ቢልህ ትስቅና ዋጋህን ታጸናለህ። ጎረቤታሞች አብረው ከመጡ ግን ሳይለምኑህ ትቀንሳለህ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት፣ አብረው ገበያ የሚወጡ ሰዎች ዋናው ጥበቃቸው እርስ በርሳቸው ነው፣ ጓጉንቸሩ ለነሱ ምርቃት ነው ትል ነበር። ከዚያ ያ ነገርህ ይመጣል። ጓጉንቸሮቹን በተርታ ትደረድርና የአንዱን ቁልፍ በሌላው እየከተትህ ትሞክራለህ፤ ሁሉን በሁሉ ሳታዳርስ አትሰጣቸውም። እኔ ቁልፎቹን እየዳርሃቸው ነው እያልሁ አሾፍብህ ነበር። አንተም ዝም በይ፣ ገና ኒካው አልታሰረም ትለኝና ትቀጥላለህ።

ወላሂ እንድሪስ፣ ለበረካ የምታደርገው ይመስለኝ ነበር። እኛ አገር ዱዓ የማይደረግበት ነገር የለም፤ ከብት ሲገዛ ይመረቃል፣ ቤት ሲሠራ ይመረቃል። ጎረቤታሞች ፍቅራቸው እንዲጸና ቁልፎቻቸውን እያነካካህ የምትመርቅ መስሎኝ ስንት ዓመት ስቄ አየሁህ። አንድ ቀን አስቀምጠህ ለምን እንደሆነ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እኔስ አንድ ቀን ከሹፈቱ ወጥቼ ብጠይቅህ? አሁን በዚህ ተናድጄብሃለሁ። በሙት መናደድ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ተናድጃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። በበጋው ደሴ ወጥቼ ከአንድ አዲስ ጅምላ ሻጭ ጓጉንቸር አመጣሁ። አንድ ካርቶን ሙሉ ስለወሰድሁ ብዙ ቀነሰልኝ። ሲያዩት የሚያምር፣ ከበድ ያለ፣ ወርቅ የመሰለ ነው። ባጃጁ ላይ አቅፌው ስመለስ፣ እንድሪስ ቢያየኝ ዛሬስ ነጋዴ ሆንሽ ይለኝ ነበር እያልሁ ብቻዬን ፈገግ ብዬ ነበር።

ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ያለውን የኪራይ ግቢ ታውቀዋለህ። በሰፈሩ ሌባ ገባ ተብሎ ሲወራ ተከራዮቹ ተጠራርተው መጡብኝ። በርበሬና ቅመም የምትነግደው ዘምዘም ነበረች፤ አበራሽም ነበረች። አበራሽን አትረሳትም፤ የዓሣ ሳፋዋን ተሸክማ በየበሩ የምትዞረው ናት፣ ላንተ ሁልጊዜ እሾሁን ለቅማ የምታመጣልህ። ዘምዘምና እሷ ጎን ለጎን ተከራይተው እንደ እህትማማች ነበሩ። ለፋሲካ ዘምዘም ዶሮ ከነነፍሷ ትልክላታለች፤ ለዒድ ደግሞ የዘምዘምን ልጆች ጸጉር ሠርታ የምታለብሰው አበራሽ ናት። እንደ ደንብህ ለሁሉም ቀነስሁላቸው። ቁልፎቹን መዳሩን ግን ምን ያደርጋል ብዬ ተውሁት፤ በአፌ «በረካ ያድርግላችሁ» ብዬ መርቄ ሸኘኋቸው።

ክረምቱ ሲገባ ዘምዘም ለንግዷ ደሴ ወጥታ አድራ ስትመለስ፣ ከእናቷ የወረሰችውን የወርቅ ጉትቻ ከሳጥኗ አጣችው። በሩ አልተነካም፣ ጓጉንቸሩ አልተሰበረም። በሄደች ቁጥር ትርፍ ቁልፏን የምትተወው ደግሞ ለአበራሽ ነው። እንግዲህ የቀረውን አስበው። ዘምዘም መጀመሪያ አልተናገረችም፤ ሰላምታዋን ብቻ አሳጠረች። ከዚያ አንዷ ጎረቤት አንድ ቃል ጣለች፣ ሌላው አነሳው፣ ሳምንት ሳይሞላ አበራሽ በቆመችበት ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ጀመር።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ሼሁም ቄሱም ነበሩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለው ሲያግባቡ ቆዩና፣ በመጨረሻ አበራሽን አልወሰድሁም ብለሽ ማይና ይለቅልሽ አሏት። እሷ እምቢ አለች። ከማልሁ ልጠረጠር ይገባኛል ብዬ ፈረምሁ ማለት ነው፣ ቁልፏን በእምነት ሰጠችኝ፣ በእምነት መለስሁላት፣ ከዚህ በላይ ቃል የለኝም አለች። በኛ አገር መሐላ የፈራ ሰው ምን እንደሚባል አንተው ታውቃለህ። ዓሣዋን የሚገዛት ጠፋ። ሳፋዋን እንደሞላ ይዛ ስትመለስ በሱቁ ፊት ለፊት አያት ነበር፤ ዞር ብላ አታየኝም። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ምናልባት ቸግሯት ይሆናል ብዬ በልቤ አስቤአለሁ።

አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ሱቁ ገባች። ጓጉንቸሯን ከነቁልፎቹ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። ግቢውን ልለቅ ነው፣ የምሄድበት ቤት በሩ የራሱ መዝጊያ አለው፣ እንድሪስ ቢኖር ይመልስልኝ ነበር አለች። ገንዘቡን ላወጣ ስል ደንብህ ትዝ አለኝና እፊቷ ልሞክረው ብዬ አነሳሁት። ቁልፍ ከተትሁ፣ ዞረ፣ ተከፈተ። ደህና ነው ብዬ ልመልሰው ስል የአበራሽ ቁልፎች በቀይ ክር እንደታሰሩ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። እኔ የያዝሁት ለካ ጠረጴዛው ላይ ከነበሩት፣ ካልተሸጡት ጓጉንቸሮች የአንዱን ቁልፍ ነው።

ከመደርደሪያው አንዱን አወረድሁ፤ በአበራሽ ቁልፍ ተከፈተ። ሌላ አወረድሁ፤ አልከፈት አለ፤ ሌላው ግን ደግሞ ተከፈተ። ከካርቶኑ ውስጥ እየመዘዝሁ ስሞክር አበራሽ ቆማ ታየኛለች። እንድሪስ፣ አንተ ቁልፎቹን ትድር የነበረው ለካ እንዳይጋቡ ኖሯል! ከአንድ ካርቶን የወጣ ርካሽ ጓጉንቸር ግማሹ መንትያ እንደሆነ ታውቅ ነበር። አንድ ካርቶን ሲከፋፈሉት አደጋ ላይ የሚወድቁት ደግሞ አብረው የሚገዙት፣ አብረው የሚኖሩት ናቸው። ለጎረቤት ብዬ የቀነስሁት ቅናሽ ለአንድ ግቢ ሰው ሁሉ የዘምዘምን ቤት ከፍቶ ሰጠው።

አበራሽ የሆነውን ስታውቅ አልጮኸችም። እጥግ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ ተነሥታ ጓጉንቸሯንም ገንዘቧንም ትታ ወጣች።

ማታውን ለጀማል ነገርሁት። ቁጭ ብሎ ሰማኝ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ፈራ። ይህ ከተሰማ በዚህ ከተማ ዕቃ የጠፋው ሁሉ ወደኛ ይጠቁማል፣ ቁልፍ ቀራጭ አንዴ ከተጠረጠረ ማን በሩን ያሳየዋል፣ ሐያትን በምን ልታስተምሪ ነው አለኝ። የቀሩትን ጓጉንቸሮች ሐይቁ ውስጥ እንጣላቸው፣ ግድግዳው ላይም ያንን አይመለስም የሚለውን ወረቀት እንለጥፍ አለ። «የቆጡን አወርድ ብለሽ የብብትሽን እንዳትጥይ» ብሎኝ ሄደ። ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ያስጨነቀኝም እሱ ነው። ባንተ ጊዜ ያልከፈተ ቁልፍ ነበር የሚመለሰው። ከሚገባው በላይ ለከፈተ ቁልፍ ግን ደንብ አልተውህልኝም። እኔስ ብናገር ማንን አዳንሁ? አበራሽን ነፃ ሳወጣ ግቢውን በሙሉ ላስጠረጥር ነው። ዝም ብልስ? ዝም ማለቱ ይቀል ነበር፤ በየቀኑ በሱቁ ፊት ማለፏ ባይኖር ኖሮ።

ሽማግሌዎቹ ለመጨረሻ በተቀመጡበት ቀን የቀረውን ካርቶን ተሸክሜ ግቢው ገባሁ። ጀማል አልመጣም። ዘምዘምን ጓጉንቸርሽን አውጪልኝ አልኋት። አጠገቧ የሚኖረውን ባጃጅ ነጂ ቁልፉን ጠየቅሁት። በሰው ሁሉ ፊት በሱ ቁልፍ የሷን ከፈትሁት። ከዚያ በጥግ ያለችውን ልብስ ሰፊ ቁልፍ ተቀብዬ በሱም ከፈትሁት። ሰዉ ሁሉ እጁን ወደ ኪሱ፣ ወደ መቀነቱ ሰደደ፤ የራሱን ቁልፍ የነካ መሰለኝ፤ ቀና ብሎ ደግሞ ጎረቤቱን አየ። ያንን አስተያየት ያመጣሁባቸው እኔ ነኝ። የሸጥሁት እኔ ነኝ፣ ሳልሞክር የሰጠኋችሁ እኔ ነኝ፣ ያመጣችሁትን ሁሉ እመልሳለሁ ብዬ ተናገርሁ።

ዘምዘም እያለቀሰች ሄዳ የአበራሽ እግር ላይ ልትወድቅ አለች። አበራሽ በክንዷ ያዘቻትና አነሳቻት። ለስለስ ባለ ድምፅ ነበር የተናገረችው፦ «እህቴ፣ ቁልፉስ ለሁሉም ከፈተ። አንቺ ግን የጠረጠርሽው እኔን ብቻ ነው።»

ዱዓ ተደረገ፣ ተባረከ፣ ሰዉ ተበተነ። ጉትቻው እስካሁን አልተገኘም። አበራሽም ግቢውን ከመልቀቅ አልቀረችም።

ሰዉ ጓጉንቸሩን እያመጣ ገንዘቡን ወሰደ። ደሴ ወጥቼ ያንን ጅምላ ሻጭ ብለምነው በጣቱ ግድግዳውን አሳየኝ፤ አይመለስም የሚለውን ወረቀት። ስለዚህ ለሶደቃህ ብዬ ያስቀመጥሁትን አወጣሁ። ዘንድሮ በግ አልታረደልህም፣ እንድሪስዬ። ሰው ሲጠይቀኝ ሐያት ፈተና ስላለባት ነው እላለሁ። ጀማልም እንደፈራው አልቀረም፤ ቁልፍ የሚያስቀርጸው ሰው ቀንሷል። የመጡትም ስሠራ እጄን አተኩረው ያያሉ፤ አንድ ትርፍ ለራሴ እንዳላስቀር ይመስለኛል። ከሳምንት በፊት አንዱ ሲወጣ ከቁልፉ የረገፈውን ብናኝ ሳይቀር ከጠረጴዛው ጠርጎ ሄደ። ተረዳሁት፤ ግን ቤት ገብቼ አለቀስሁ።

የአበራሽን ገንዘብ ይዤ አዲሱ ቤቷ ሄድሁ። ከከተማው ዳር፣ ወደ አርዲቦ በሚያወጣው በኩል ነው። አልቀበልም አለችኝ። ገንዘብ ከተቀበልሁ ተከፍሏት ዝም አለች ይባላል አለችኝ። ታዲያ ምን ላድርግልሽ፣ ምን ልመልስልሽ ብዬ ብጠይቃት መለሰችልኝ። ዓሣ የማዞርባቸውን ቤቶች እኔ አውቃቸዋለሁ፣ ግቢ ውስጥ የተናገርሽውን በየበራቸው ነይልኝና ንገሪልኝ፣ እነሱ ሽማግሌ ዘንድ አልነበሩም አለች። እኔ ደንግጬ ሁሉንም ቤት ስላት፣ ወሬው ያልደረሰበት ቤት አለ ወይ አለችኝ።

አሁን ከአስር ሶላት በኋላ ሱቁን እዘጋለሁ። ሳፋውን ባንዱ ጆሮ እሷ ባንዱ ጆሮ እኔ ይዘን እንሄዳለን። መጀመሪያ ቀን ያፈርሁትን ማፈር አልነግርህም፤ ሴት ልጅ በዚህ ዕድሜዋ የሰው ደጅ እየመታች ስሕተቷን ስትለፍፍ። አንዳንዱ ሰምቶ ዓሣ ይገዛል። አንዳንዱ፣ እንዲህ ከሆነ እሷም ከፍታ ይሆናላ ይላል፤ ያኔ አበራሽ ዓይኗን ወደ መንገዱ ታደርጋለች። አንዳንዱ በሩን ገርበብ አድርጎ ይሰማኝና ዛሬ ዓሣ አልፈልግም ብሎ ይዘጋዋል። ስንመለስ ብዙም አናወራም። አንድ ቀን ብቻ እግሬ ሲያነክስ አይታ «አብሽሪ፣ ፋጤ» አለችኝ። አንተ ከሞትህ ወዲህ ፋጤ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም።

አሁን ልለምንህ የምፈልገው ይህን ነው። ደጅ ቆሜ ስሙኝ ስል ማንም ፊት አይሰጠኝም፤ የእንድሪስ ሚስት ነኝ ስል ግን የሰዉ ፊት ይፈታል። ያልከፈተ ቁልፍ የመለስህላቸው ናቸው፣ ምክንያት ያልጠየቅሃቸው ናቸው። ያመኑህ ሰዎች ናቸው የሚሰሙኝ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ያንተ እንደዋለ በየደጁ አይቻለሁ። እኔ ግን ያንን ስም በየቀኑ እያወጣሁ ለአበራሽ እየከፈልሁት ነው፤ በር በተዘጋብን ቁጥር ካንተም ትንሽ የሚጎድል ይመስለኛል። ስንት እንደቀረ አላውቅም። ቢያልቅብኝ አፉ በለኝ፤ ለሷ የሚበቃ ሌላ ነገር በቤታችን የለም።

ሌላው ሟቹን በዓመት በዓል ያስታውሳል። እኔ ግን አበራሽ ዓሣዋን ሸጣ ጨርሳ ሳፋዋን ባዶ ይዛ እስክትገባ ድረስ፣ በዚህ ከተማ ስምህ ሳይጠራ የሚመሽ ቀን እንደማይኖር ቃሌን ሰጥቼሃለሁ፤ በየደጁ ቆሜ የምጠራው እኔው ነኝ።

ያንተው ፋጡማ